የፍልፈሉ ማኅተም

በአንድ ወቅት፣ ሰውና ከብት በአንድ ጣራ ሥር ተጠጋግቶ በሚያድርበት ብርዳም አገር፣ በውርጭ አምባ፣ ጌጤነህ የሚባል ጭቃ ሹም ነበረ። ዓይኖቹ ትናንሽ ናቸው። ከቤቱ ብዙ አይወጣም። ሰው አያምንም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል፤ ጎረቤት ወተት ቢሰጠው መጀመሪያ ለድመቷ ያቀምሳል። በሌለበት ምን ብለው እንደሚጠሩትም ያውቃል። ፍልፈል ይሉታል።

ፍልፈልን ታውቁታላችሁ። ከመሬት በታች የሚኖር፣ የሣርና የድንች ሥር የሚቆረጥም፣ አፈር ወደ ላይ እየገፋ ሜዳውን ቁልል በቁልል የሚያደርግ፣ ጥርሱ የወጣ ነው። ማንም አይዘፍንለትም። ማንም አይፎክርበትም።

አንድ ቀን የአገሩ ገዢ መልእክተኛ መጣና ሸንጎ ተጠራ። መልእክተኛው አዋጁን አነበበ።

«እያንዳንዱ አምባ የራሱ ማኅተም ይኑረው። በማኅተሙ ላይ አንድ እንስሳ ይቀረጽ። የተቀረጸው እንስሳ በዚያ አገር አይገደልም፤ የሚኖርበትም መሬት አይታረስም። ከእንግዲህ ያለ ማኅተም መሬት አይሰጥም። ማኅተም የሌለው አምባ ከጎረቤቱ ይጠቃለላል።»

የቆላ አምባዎች ቀድመዋል። አንበሳው ተወስዷል፣ ነብሩ ተወስዷል፣ ንስሩም ተወስዷል።

«ጅብ አልቀረም እንዴ?» አለ አንዱ። የሳቀ የለም። ሰው ሁሉ የሚያስበው ሜዳውን ነው። ባላምባራስ ጓንጉል የሚባል የጎረቤት ጌታ የውርጭ አምባን ሜዳ ለገብስ ሊያርሰው ከጠየቀ ሰንብቷል። በበጋ ከብቱ የሚበላው እዚያ ነው። የቤት ክዳኑም የሚታጨደው እዚያ ነው። ያ ሜዳ ከታረሰ የአገሩ ሰው ከብቱን እየነዳ መሰደድ ነው።

በውርጭ አምባ ሸንጎ አንድ ሥርዓት አለ። ሐሳብ ሲነሳ ጭቃ ሹሙ ዘንጉን ወደ ላይ ይይዛል። የሚቃወም ይቃወማል። ዘንጉ መሬት ከነካ ግን ነገሩ አለቀ፤ አባት ከመቃብር ቢነሳ አይመልሰውም።

ጌጤነህ ዘንጉን አነሳ። ያን ጊዜ ከኋላ አንድ ድምፅ «ፍልፈል!» አለ።

ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ። ጌጤነህ ዞረ። ብርድ ስለነበረ ሰው ሁሉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል፤ የሚታየው ዓይን ብቻ ነው። ደሙ ፈላ።

«ማነው እሱ!» ብሎ መሬቱን በዘንጉ መታው።

ሳቁ ቆመ። መልእክተኛው «ፍልፈል» ብሎ ጻፈ።

«ቆዩ እንጂ ጌታው፣ እኔ እኮ ተናድጄ ነው የመታሁት» አለ ጌጤነህ።

«ዘንጉ መሬት ነክቷል። የራሳችሁ ሥርዓት ነው» አለ መልእክተኛው፤ በቅሎው ላይ ወጥቶ ሄደ።

ጌጤነህ አውጫጭኝ ጠራ። አውጫጭኝ ማለት ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ሰው ሁሉ በአንድ ቦታ የሚታጎርበት ነው። ወንዱ ሁሉ በድንጋይ ካብ ውስጥ ገባ። አንድ በአንድ ማለ። «እኔ አይደለሁም፣ ሚካኤልን!» ሁሉም ይኸንኑ አለ። በሁለተኛው ቀን ቀጸላ የሚባለው ሰው ውሃ ሽንት ብሎ ወጥቶ በዚያው ቀረ። ጌጤነህ «ይኸው፣ ጥፋተኛ እግር አለው» አለ። በሦስተኛው ቀን ግን ወፍ መጣች። ወፍ የሚሉት፣ የሚያውቅ ሰው በሌላ አፍ ሲናገር ነው፤ ወፏ ማን እንደሆነች አይጠየቅም። ወፏ ሁለት ነገር አለች። የጮኸው ሽበሺ ነው አለች። ቀጸላ ደግሞ የጭቃ ሹሙን ሹመት ፈልጎ፣ በጌጤነህ ላይ ያዘጋጀውን ክስ በጉያው ይዞ ወደ ገዢው ሄዷል አለች።

ሽበሺን ሊያስሩት ገመድ ሲመዘዝ፣ ቀጸላ ከመልእክተኛው ጋር ከች አለ። መልእክተኛው ከኮረጆው የናስ ማኅተም አወጣ። ፍልፈል ተቀርጾበታል፤ ጥርሱ ሳይቀር።

«ጌታዬ ተቀለደብኝ ብለው ወረቀቱን ሊቀዳድዱት ነበር። ይህ ሰው ደረሰና 'አንበሳ ሲከቡት ዋሻውን ይለቃል፤ ፍልፈል ግን ቤቱን ሲከፍቱበት ሊደፍን ይመጣል፤ እኛም እንዲያ ነን' አላቸው። ደስ አላቸው» አለ መልእክተኛው።

ሽበሺ ተለቀቀ። አገሩ እልል አለ።

በማግስቱ ባላምባራስ ጓንጉል ሃያ ጥማድ በሬ አስነድቶ ሜዳው ላይ ቆመ።

«አዋጁን ሰምቻለሁ። ፍልፈል የሚኖርበት አይታረስ ነው የሚለው። እዚህ የማየው ያረጀ ቁልል ነው። ፍልፈላችሁን አሳዩኝና በሬዬን ልመልስ» አለ።

ወንዶቹ ቆፈሩ፣ ረገጡ፣ ጮኹ። አንድም የለ። ገበሬዎቹ ሞፈርና ቀንበር ማገናኘት ጀመሩ።

ያን ጊዜ እንጉዳይ መጣች፤ ማሳዋ ሜዳውን የሚያዋስን ባልቴት። ድንቿን በፍልፈል ተበልታ ዕድሜዋን ፍልፈል ስትገድል የኖረች ናት። ቅርጫት አዝላለች።

«እናንተ ስትደንሱበት ይወጣል? ዝም በሉ!» አለች። ቅርጫቷን አጠገቧ አወረደች፤ ቁልሉን በዶማ ከፈተችና በሆዷ ተኝታ ክንዷን እስከ ትከሻዋ አስገባች። «ነፋስ ሲገባበት ሊደፍን ይመጣል።» ብዙ ቆየች። ድንገት ጮኸች፤ እጇን ስትስበው ፍልፈሉ ጣቷን ነክሶ ተንጠልጥሏል። ጣቷ አልተረፈም።

ባላምባራስ ፍልፈሉን አየ፣ እጇን አየ፣ በቅሎውን አዞረ። በሬውም ተመለሰ።

ጌጤነህ ግን ሌላ ነገር አየ። የሜዳው አፈር ጥቁር ነው። በፍልፈሉ ጠጉር ላይ ያለው አፈር ቀይ ነበር።

መልእክተኛው ሊሄድ ሲል እንዲህ አለ፦ «ማኅተሙን የሚይዝ ሰው ሰይሙ። ጭቃ ሹሙ ዳኛ ስለሆነ ራሱ አይይዝም ተብሏል። ደግሞ እወቁት፤ ይህን የያዘ ሰው አንድ ጊዜ ካተመ ሜዳውን ለፈለገው መስጠት ይችላል።»

ሰው ሁሉ «እኔ አይደለሁም» ሲል ለነበረው ነገር አሁን ሦስት ሰው «የኔ ነው» ብሎ ቆመ።

ሽበሺ፣ «ቃሉ የኔ ነው። ያኔ አንበሳ ስትሉ ብትውሉ ሜዳው ሄዶ ነበር» አለ።

«በካቡ ውስጥ በሚካኤል የማለው ማነው ታዲያ?» አለ ጌጤነህ።

«የባላምባራስ ሰዎች በመካከላችን ነበሩ። እኔ ነኝ ብል ሜዳውን ለማዳን መሆኑ ይገባቸው ነበር።»

«እኔን ልትሰድብ አልነበረም?»

«ሁለቱም ቢሆንስ፣ ጭቃ ሹም?»

ቀጸላ፣ «ቃልማ ሜዳ ላይ ወድቆ ነበር። አንስቼ ያደረስኩት እኔ ነኝ» አለ።

«ማን ላከህ?»

«ማንም።»

«ወፏ እኔን የምትከስበትን ወረቀት ይዘህ ነው የሄድከው ብላለች።»

«ይዤ ነበር። ገዢው ሲቆጡ ባየሁ ጊዜ ሆዴ እምቢ አለ። ስመለስ ወንዝ ወሰደው።»

«በዚህ በጋ? የትኛው ወንዝ?»

ቀጸላ ወደ ኋላ ተመልሶ ተቀመጠ።

እንጉዳይ የተጠቀለለ እጇን አነሳች። «እኔ ቃል የለኝም። ጣት ነበረኝ። ያ ፍልፈል ሊደፍን ይመጣል የሚለውንም ወሬ ቀጸላ የሰማው ከኔ ደጅ ነው።»

«ፍልፈሉ ላይ የነበረው አፈር ቀይ ነው፣ እትዬ እንጉዳይ። ያንቺ ማሳ አፈር።»

«ሜዳውም ጠልቆ ቢቆፈር ቀይ ነው። ካላመንከኝ እጅህን አግባና እየው።»

«ቅርጫቱስ?»

«የኩበት ነው።»

«ፍልፈል ትወጂያለሽ?»

«ድንቼን የጨረሰውን? አልወደውም። ሜዳው ግን የላሜ ጉሮሮ ነው።»

ጌጤነህ ትናንሽ ዓይኖቹን ከአንዱ ወደ አንዱ አዞረ። ያለ ሽበሺ ቃሉ አይኖርም፤ ግን በሥላቅ የተናገረ ሰው በሥላቅ ያትም ይሆናል። ያለ ቀጸላ ማኅተሙ አይመጣም፤ ግን ክሱ የት እንደደረሰ አልታወቀም። ያለ እንጉዳይ ሜዳው ዛሬ ታርሶ ነበር። ለሜዳው ብሎ የዋሸ እጅ ከሆነ ግን፣ ነገ ለድንች ብሎ አይዋሽም?

ዘንጉን አነሳ። የተቃወመም የደገፈም የለም፤ ሰው ሁሉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ያያል። በዚህ እጁ ማኅተሙን ጨብጧል፣ በዚያኛው ዘንጉን ይዟል። አንዴ ሳያስብ አውርዶታል፤ ሁለተኛ አይደግመውም።

ክንዱ ግን እየዛለ ነው።

እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ፣ ሳይወድቅበት በፊት ንገሩት፦ ዘንጉ መሬት ሲነካ ማኅተሙ በማን እጅ ይሁን?