የአሳ በረት

ተረት ተረት ስላችሁ፣ ዛሬስ «የላም በረት» አትበሉኝ፤ «የአሳ በረት» በሉኝ።

እመት አሳ ክረምት በገባ ቁጥር ከወገኖቿ ጋር ከሐይቁ ወጥታ፣ ወንዙን ሽቅብ ተጉዛ ትወልድ ነበር። አንድ ዓመት ሰዎች ወንዙ ከሐይቁ በሚገናኝበት በር ላይ ከመረብ በረት ሠሩና፣ ከጆንያ መኖ እያፈሰሱ የሚቀልቧቸውን አሶች አጎሩበት። ከበረቱ አሶች ገላ የሚራገፈው ደም መጣጭ የአሳ ቅማል ወደ ሐይቁ የሚወርዱትን ልጆቿን መንገድ ላይ ፈጃቸው።

እመት አሳ ወገኖቿን አሰባስባ፣ ሁሉም እርጥብ ሣር በአፋቸው ይዘው፣ አያ ጉማሬ ዘንድ ደጅ ሊጠኑ ሄዱ።

«አያ ጉማሬ፣ መረቡን በአንድ ንክሻ ትበጥሰዋለህ። ልጆቻችን አለቁ፤ ድረስልን!»

ጉማሬ እንደሆነ እንቅልፉን ይወዳል። አንድ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ፣ «እኔ የምተኛበት ውሃ ደህና ነው። እስቲ ክረምቱ ይውጣ» አላት።

ክረምቱ ወጣ፤ ሌላም መጣ። እመት አሳ በየማለዳው ሣሯን ይዛ ደጅ መጥናቷን አልተወችም። የሚከተሏት ግን እያነሱ፣ እያነሱ ሄደው፣ አንድ ቀን ዞር ብትል ከኋላዋ ማንም የለም።

የዚያኑ ዕለት የበረቱ ቆሻሻ ጉማሬ መኝታ ደረሰ። ሽታው ቢቀሰቅሰው በንዴት ተነሥቶ መረቡን ብጥስጥሱን አወጣው።

እመት አሳ እየሮጠች ገባች። «ኑ፣ ውጡ ልጆቼ! የወንዙን መንገድ እኔ አሳያችኋለሁ።»

የሰቡት አሶች ወደ ላይ እንዳንጋጠጡ፣ «ባለ ጆንያው ዛሬ ምነው ቆየ?» ብለው ጠየቋት።

እመት አሳ ብቻዋን ወንዙን ሽቅብ ወጣች።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ዳቦው ለዛሬ ይቅር።