ከመለያየቱ በፊት የተቆረጠ ማር

ሁለት ጎረቤት አገሮች ለረጅም ዘመን በአንድ ኅብረት ሥር ኖረው ተለያዩ። ብዙም ሳይቆይ ከኅብረቱ የወጣው አገር ግራዝማች መሸሻ የሚባሉ ኩሩ ሹም በድንበሩ ኬላ ላይ አስቀመጠ። እሳቸውም፣ «የኅብረቱን የምግብ ምርመራ አናምንም፤ ከመለያየቱ በፊት የተዘጋጀ ምግብ ሁሉ ለጤና ስለማያስተማምን ይደፋ» ብለው አዋጅ አስነገሩ።

አንድ ሽማግሌ ንብ አርቢ የዓመት ልፋቱን ማር በአህያ ጭኖ ወደ ገበያ ሲሻገር ኬላው ላይ ተያዘ። ግራዝማች ገበያተኛው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ይህ ማር መቼ ተቆረጠ? ከመለያየቱ በፊት ከሆነ ይደፋል፤ ዋሽተህ ከተገኘህ ደግሞ ትገረፋለህ» አሉት።

ሽማግሌው እውነቱን ቢናገር ማሩ ሊደፋ፣ ቢዋሽ ጀርባው ሊገረፍ ሆነ። ጥቂት አሰበና እጅ ነሥቶ መለሰ፦

«ጌታዬ፣ ማሩ የተቆረጠው ከመለያየቱ በፊት ነው። ግን እኔም የተሠራሁት ያኔ ነው፤ ስሠራም መርማሪ አላየኝም። ይኸው ጥርሴ ረግፏል፣ ጉልበቴም ከድቶኛል። ሚስቴ እንኳ ‹ተበላሽቷል› ብላ ልትመልሰኝ ፈልጋ፣ ተቀባይ አጥታ ነው አብራኝ የተቀመጠችው። ማሩ ግን እስከ ዛሬ ይጣፍጣል። ስለዚህ መጀመሪያ እኔን ይድፉኝ፤ የሚደፋኝ ሰው ግን እሱ ራሱ ከመለያየቱ በኋላ የተወለደ ይሁን።»

ገበያተኛው በሳቅ ፈነዳ። ግራዝማች ወደ ዘበኞቻቸው ቢዞሩ ሁሉም ጺማም ናቸው። የራሳቸውን ሽበት ዳሰስ ሲያደርጉ እሳቸውም ሳቃቸው አመለጣቸውና አህያውን ከነጭነቱ አሳለፉት።