አንጓች ለልጇ ስም ስትፈልግ

ኑ፣ ተረት ላውጋችሁ፤ የሰማ ይደምርበት፣ የረሳ ከመጀመሪያው ይቁጠር።

በአባይ በረሃ አፋፍ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ አንጓች የምትባል ወጣት እናት ሴት ልጅ ወለደች። አንጓች ከወንዙ ማዶ፣ ከጎጃም የመጣች ናት። ባሏ ሆርዶፋ ደግሞ ከወዲህ፣ የሰላሌ ኦሮሞ ነው። ሊያርሷት ከማዶም ከወዲህም ሁለቱ አያቶች መጡ፤ ችግሩም አብሯቸው መጣ።

የሆርዶፋ እናት አዴ ዱሬቲ ልጅቱን አቅፈው «ሚልኪ» አሏት፤ በእሳቸው ቋንቋ የቀና ገድ ማለት ነው። የአንጓች እናት እማማ ትርንጎ ግን የሰሙት «ምልኪ» ብለው ነው።

«ምን? ቁራ ጮኸ፣ ድመት መንገድ አቋረጠ የሚባልበትን ምልኪ ለልጅ? በሚካኤል! ይህን ስም ብጠራ ምላሴን ይቁረጠው!» ብለው ማሉ።

እሳቸው ደግሞ ሐረገወይን አሏት፤ ሲያቆላምጧትም «ሐሬ፣ የኔ ሐሬ» ይሏታል። አዴ ዱሬቲ ይህን ሲሰሙ ደነገጡ። በእሳቸው ቋንቋ ሃሬ አህያ ነው።

«የልጄ ልጅ አህያ ተባለች!» አሉና ወደ አገራቸው ሊመለሱ ጓዛቸውን መሸከፍ ጀመሩ።

አንጓች የፈለገችው ትንሽ ነገር ነበር፤ ልጇን በስሟ መጥራት። እስካሁን የምትላት «አንቺ» ነው። አንቺ የማይባል ጎረቤት ደግሞ የለም። አሁን ግን ፍርሃት ጨመረባት። አማቷ ተቀይመው ከሄዱ ልጅቱ ግማሽ ዘመድ ይዛ ልታድግ ነው።

ባሏ ዘንድ ሄደች። «ሆርዶፋ፣ ልጄ ስም አጣች፤ እባክህ ስም አውጣላት።»

«እናቴ ሚልኪን ሳትተው? እሷን አስከፍቼማ ስም አላወጣም» አላት።

አማቷ ዘንድ ሄደች። «አዴ፣ ልጄ ስም አጣች፤ ሆርዶፋ ስም አያወጣ፤ እባክዎ ሚልኪን ይተዉልኝ።»

«ኢንተላ ኮ» አሏት አዴ ዱሬቲ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ባንቺ ቂም የለኝም። እናትሽ ሐሬን ሳይተዉ ግን ሚልኪን አልተውም። ገድ እያለላት ምን ሲባል ጭነት ትሸከማለች?»

እናቷ ዘንድ ሄደች። «እማዬ፣ ልጄ ስም አጣች፤ ሆርዶፋ ስም አያወጣ፣ አዴ ሚልኪን አይተዉ፤ እባክሽ ሐሬን ተይልኝ።»

«ሐሬን ብተው ምልኪ ልላት አይደል? ምያለኋ! መሐላዬን ንስሐ አባት ሳይፈቱልኝ ሐሬን አልተውም» አሉ እማማ ትርንጎ።

ንስሐ አባታቸው አባ ክንፈ ዘንድ ሄደች። «አባ፣ ልጄ ስም አጣች፤ ሆርዶፋ ስም አያወጣ፣ አዴ ሚልኪን አይተዉ፣ እማዬ ሐሬን አትተው፤ እባክዎ መሐላዋን ይፍቱልኝ።»

አባ ክንፈ መስቀል አሳለሟት። «መሐላው የቂም ልጅ ነው። እናቲቱ ሳለች ልጇን ብፈታ ሌላ ትወልዳለች። ሽማግሌ ሳያስታርቃቸው መሐላ አልፈታም» አሉ።

ሽማግሌው ኦቦ ቱፋ ዘንድ ሄደች። ኦቦ ቱፋ ዕድሜ ልካቸውን የከብት ደላላ ሆነው ወንዙን ሲሻገሩ የኖሩ፣ በማዶም በወዲህም ቋንቋ የሚከራከሩ ሰው ናቸው። «ኦቦ፣ ልጄ ስም አጣች፤ ሆርዶፋ ስም አያወጣ፣ አዴ ሚልኪን አይተዉ፣ እማዬ ሐሬን አትተው፣ አባ መሐላ አይፈቱ፤ እባክዎ ያስታርቁልኝ።»

ኦቦ ቱፋ ጺማቸውን አሻሹ። «ያላየሁትን በሬ ገምቼ አላውቅም። ስም ስም ስትሉ ልጅቱን ያያት አለ? እሷን ነቅታ ሳላይ አላስታርቅም። ሁለቱ አያቶችም አብረዋት ይምጡ።»

ልጇ ዘንድ ሄደች። «ልጄ፣ ስም አጣሽ፤ አባትሽ ስም አያወጣ፣ አዴ ሚልኪን አይተዉ፣ እማዬ ሐሬን አትተው፣ አባ መሐላ አይፈቱ፣ ኦቦ ቱፋ አያስታርቁ፤ እባክሽ ንቂልኝ።»

ልጅቱ አልነቃችም። አንጓች ጎንበስ ብላ አየቻት። አፍንጫዋ የአዴ ዱሬቲ፣ ግንባሯ የእማማ ትርንጎ ነው። ሁለቱ እዚህ ፊት ላይ ተጣልተው አያውቁም። ቀስ ብላ አቀፈቻትና ወጣች። አያቶቹም ተከተሏት፤ አንዷ በመንገዱ ቀኝ፣ አንዷ በመንገዱ ግራ።

ኦቦ ቱፋ ልጅቱን ተቀብለው ባርኔጣቸውን ሲያወልቁ ጺማቸው አገጯን ነካት። ዓይኗን ገለጠች። ጺሙን አየች፣ መላጣውን አየች፣ ከዚያም ድምፅ አውጥታ ሳቀች። ከተወለደች ሳቋ ሲሰማ ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ድንቂ!» ብለው ጮኹ አዴ ዱሬቲ።

«ድንቅ!» ብለው ጮኹ እማማ ትርንጎ።

ኦቦ ቱፋ ቀና አሉ። «አዴ ዱሬቲ፣ ምን አሉ?»

«ድንቂ ነዋ! በእኛ ቋንቋ የሚያስገርም ነገር ማለት ነው።»

«እርስዎስ፣ እማማ ትርንጎ?»

«ድንቅ ነዋ! በእኛም የሚያስገርም...» አሉና አቋረጡት። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ።

«ከእኛ ሰምታችሁ ነው» አሉ እማማ ትርንጎ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«እናንተ ናችሁ እንጂ ከእኛ የወሰዳችሁት!» አሉ አዴ ዱሬቲ፤ ከንፈራቸው ግን ፈገግ ብሎ አጋለጣቸው።

«ቃሉ ወንዙን ሲሻገር ያየው የለም፤ ቀረጥም አልከፈለም» አሉ ኦቦ ቱፋ። «ይልቅ ልጅቱን እዩልኝ።»

ልጅቱ ሳቀች፤ ብትስቅ ኦቦ ቱፋ አስታረቁ፤ ቢያስታርቁ አባ ክንፈ መሐላ ፈቱ፤ ቢፈቱ እማማ ትርንጎ ሐሬን ተዉ፤ ቢተዉ አዴ ዱሬቲ ሚልኪን ተዉ፤ ቢተዉ ሆርዶፋ ስም አወጣ፦ ድንቄ።

እማማ ትርንጎ «ድንቄ» ሲሉ የኔ ድንቅ ማለታቸው ነው። አዴ ዱሬቲም «ድንቄ» ሲሉ ከድንቂ የወጣ፣ በአገራቸው ለሴት ልጅ የሚሰጥ ስም ነው። ስሙ የኛ ነው ብለው ሁለቱም በልባቸው ያዙት። አንጓች ይህን ታውቃለች፤ አንዳቸውንም አላረመችም። አያቶቹ ጓዙን አብረው ሊፈቱ ወደ ጓዳ ሲገቡ ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋችና፣ ማንም ሳይሰማ፣ ለራሷ ጠራቻት።

«ድንቄ።»

ልጅቱ ቀና ብላ አየቻት።