የይርዳው የክት ሰዓት

ዘመዱን ሳይጠይቅ ዓመት የሚያሳልፍን ሰው ሲወቅሱ፣ የኮምቦልቻ ሰዎች ለምን ሰዓት ያነሣሉ? ሰዓትንና ዘመድን ምን አገናኛቸው? ለጊዜው መልሱን መናገር ያስቸግራል። አባባሉ ይርዳው ከሚባል ሰው የመጣ ነው ይላሉ፤ ይሁን አይሁን እንጃ፣ ታሪኩ ግን እንዲህ ነው።

ይርዳው ለነገር ሁሉ የክትና የአዘቦት የሚለይ ሰው ነበር። የክት ጫማው ሳጥን ውስጥ እንደተኛ ተሰነጣጠቀ። የክት ብርድ ልብሱን ከእንግዳ በፊት ብል ቀመሰው። ንግግር እንኳ የክት ነበረው። ታናሽ ወንድሙ አስናቀ የመርከብ መካኒክ ሆኖ ከወደብ ወደብ ሲዞር፣ ደዋዩ ሁልጊዜ አስናቀ ነበር። ሚስቱ ዘርትሁን አንድ ቀን እንኳ አንተ ደውልለት ስትለው፣ ወንድም እንዲያው በባዶ አይደወልለትም፣ ቁም ነገር ይገኝና እንጂ ይላታል። ቁም ነገሩ ሳይገኝ ዓመታት ነጎዱ፤ የአስናቀም ስልክ እየሳሳ መጣ።

ይኸው አስናቀ ቀደም ሲል በሰው እጅ አንድ የስዊስ ሰዓት ልኮለት ነበር። በወርቅ የተለበጠ፣ ባትሪ የማያውቅ፣ ከጀርባው በመስታወት ውስጥ የሚሽከረከሩ ጥርሶቹ የሚታዩበት። ይርዳው አገላብጦ አየው፤ በጥጥ ጠቀለለውና ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት። ውድ ሰዓት ካልነኩት አያረጅም፣ ውድ ከሆነ ደግሞ አይሳሳትም ብሎ ያምናል።

አንድ ቀን አስናቀ ደወለ። ከጅቡቲ በመኪና ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ ማለፉ ነው፤ ከዚያው ወደ ሥራው ይበራል። ኮምቦልቻ ላይ ከዋናው መንገድ ዳር ካለው ሆቴል ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ለቁርስ ይቆማሉ፤ አራት ሲሆን መኪናው ይነሣል። ከባልደረቦቹ ጋር ስለሆነ ቤት ድረስ መምጣት አይችልም።

«ዓይንህን ብቻ ልየው፣ ወንድም ጋሼ» አለው።

ይርዳው ስልኩን ዘግቶ ዓይኑን ጠረገ። በማግሥቱ ጠዋት ካፖርቱን ሲያራግፍ፣ ጫማውን ቀለም ሲቀባ ጊዜው እንዴት እንደሄደ አላወቀም። በመጨረሻ ሳጥኑን ከፈተና ሰዓቱን ከጥጡ አወጣው። ሰዓቱ ቀጭ ቀጭ ይላል።

«ዘርትሁን፣ ነይ ስሚ» አለ። «ይህን ሁሉ ዘመን በጨለማ ብቻውን ሲሠራ ኖሯል።»

ሰዓቱ አንድ ሰዓት ይላል። ዘርትሁን ስልኳን አይታ ሁለት ተኩል ነው አለችው። ስልክ ከአየር ላይ የለቀመውን ነው የሚያወራው ብሎ ሳቀባት። የራሱንም ስልክ አልጋ ላይ ትቶት ወጣ፤ እንዲህ ያለ ሰዓት ያሰረ ሰው ስልክ ምን ያደርግለታል።

ጊዜ ተርፎኛል ብሎ ጺሙን ሊላጭ ፀጉር ቤት ገባ። ጎረቤቱ ሼህ ይማም ተራ ይጠብቃሉ። ይርዳው ተራው ደርሶ እስኪላጭ ለገባው ሁሉ እጁን ሲያሳይ፣ የመስታወት ጀርባውን ሲያስጎበኝ ቆየ። ሼሁ ወደ ደጅ አዩና የራሳቸውን የፕላስቲክ ሰዓት ጠጋ አድርገው ተመለከቱ።

«አንተ ይርዳው፣ የኔዋ አራት ልትሞላ ነው ትላለች። ፀሐይዋም ከሷ ጋር ናት።»

«ሼኻችን፣ ፕላስቲክ ከወርቅ ጋር ይከራከራል እንዴ?»

«አይ፣ እንኳን ፕላስቲክ እኔም አልከራከርህ። ተነሥ ብቻ፣ አብሬህ ልሂድ» አሉት።

ይርዳው ሽማግሌው እንዳይደክማቸው እያለ፣ በመንገድ ያገኘውን ሁሉ ሰላም እያለ ደረሱ። በሆቴሉ በረንዳ አንዲት አስተናጋጅ ጠረጴዛ ታነሣለች። ሁለት ሳህን ፍርፍር ቀርቦ አንዱ አልተነካም።

«እርስዎ ነዎት ወንድማቸው?» አለች። «ሲጠብቁ ቆዩ። ቢደውሉም ሚስትዎ ወጥቷል አሏቸው። ሹፌሩ ጥሩምባ እየነፋ እንኳ እዚህ ቆመው መንገዱን ያዩ ነበር።»

«ልጄ፣ ገና ሦስት ሰዓት አልሞላም እኮ» ብሎ እጁን ዘረጋላት።

ልጅቷ ቀና ብላ የግድግዳውን ሰዓት አየች። አራት አልፏል።

ሼህ ይማም ሰዓቱን ከእጁ ተቀብለው ነቅነቅ አደረጉትና፣ ወንድምህ ሲልክልህ ምን ብሎህ ነበር አሉት። ይርዳው ያን ጊዜ የአስናቀ ቃል ትዝ አለው። በእጅ እንቅስቃሴ ነው የሚሠራው፣ አውልቀህ ከተውከው ብዙም ሳይቆይ ይቆማል፣ ሳትሳሳ አድርገው ብሎት ነበር። እሱ ግን የሰጪ ይሉኝታ መስሎት ነበር። ሰዓቱ ሳጥን ውስጥ ሞቶ ኖሮ፣ ዛሬ ሲያነሣው ነቅቶ ከቆመበት ቀጥሏል።

ቤቱ ሲደርስ ደወለ፤ የአስናቀ ስልክ ዝግ ነው። ያን ጊዜ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ለወንድሙ መልእክት ጻፈ፦ «ወንድሜ፣ እንዳታዝንብኝ። የላክህልኝን ሰዓት እስከ ዛሬ አንድ ቀን እንኳ ሳልነካ በክብር ነው ያስቀመጥኩልህ።»

ሳምንት አለፈ፣ ወሩ አለቀ፤ መልስ አልመጣም። ይርዳው ሰዓቱን ከእጁ አያወልቅም፤ ሰዓቱም ዝንፍ ሳይል ይሠራል። ሼህ ይማም ሊጠይቁት ሲመጡ ስልኩን እንደያዘ አገኙት፤ ለአስናቀ የላከውን መልእክት ከፍቶ ሰጣቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት፣ ስልኩን ቀስ ብለው መዳፉ ላይ መለሱለትና እንዲህ አሉ፦ «የክት ሰዓት ይቆማል፤ የክት ዘመድ ይርቃል።»