ጢም ያላወጣው ሽማግሌ

ከባሕር ማዶ መጥቶ ደብረ ዘይት የከረመ አንድ ወጣት የሞርሞን ሰባኪ ነበር። ከጓደኛው ጋር ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ በየበሩ እያንኳኳ ያስተምራል። አማርኛው ግን አልገራለት ብሎ፣ ስለ ነፍስ ያስተማረ እየመሰለው ስለ ነፋስ ሲያስተምር ይውላል። ቤተ ክርስቲያኑ እንዲህ ላሉ ወጣቶች የምትሰጠው ማዕረግ «ሽማግሌ» ስለሆነ፣ ደረቱ ላይ ያለው ባጅም ይህንኑ ይላል።

አከራዩ ግራዝማች ይፍሩ የእድሩ ዳኛ ናቸው። በሰፈሩ ከእሳቸው ሌላ ሽማግሌ ያለ አይመስላቸውምና ባጁ ሲያንገበግባቸው ከረመ። አንድ እሑድ እድርተኛው በተሰበሰበበት ወጣቱን አስጠሩት።

«ሽማግሌ ነኝ ካልክ እኛን ሰድበሃል። አይደለሁም ካልክ ደረትህ ላይ ውሸት ለጥፈህ ትዞራለህ። ተሳዳቢም ውሸታምም በግቢዬ አላኖርም። የትኛው ነህ?» አሉት።

ወጣቱን ላብ አጠመቀው። ክረምት ነው፤ ሌላ መጠጊያ የላቸውም። ጓደኛውን ቢያይ፣ ጓደኛው ጫማውን ያያል። በመጨረሻ ቃል ቃሉን እየለቀመ መለሰ።

«ግራዝማች፣ እውነትሽን ነው፤ እኔ ገና ልጅ ነኝ። የላኩኝ ሰዎች ግን አማርኛ እንዴት እንደሚከብድ ያውቃሉ። ተምሬ እስክጨርስ ማርጀቴ ስለማይቀር ስሙን አስቀድመው ሰጡኝ።»

እድርተኛው በሳቅ ፈረሰ። ግራዝማችም «እውነትሽን» መባላቸውን ለመቆጣት አፋቸውን ሲከፍቱ ሳቅ ቀደማቸው።

«እንግዲያው እስክትችለው ድረስ እዚሁ አርጅ» አሉት።