የወይራው መቀርቀሪያ እና የአባዬ ሴይቼንቶ

ክፍት የተተወ በር ሰው ያስወጣል ወይስ ሰው ያስገባል? ይህን ጥያቄ ይዤ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ ይዤው ወጣሁ። ካነበብኳቸው መጻሕፍት አንዱም አልመለሰልኝም። የመለሰልኝ፣ መልስ ከተባለ፣ የአባዬ መኪና ነው።

ተረት ተረት ሲባል የላም በረት ይባላል። የእኛ በረት ግን ላም አልነበረበትም። ድሬዳዋ፣ ከኒም ዛፍ ሥር፣ አንዲት ሰማያዊ አሮጌ ሴይቼንቶ፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነ ትንሽ የጣሊያን መኪና፣ ብቻ ነበረችበት። አባቴ ስንሻው መካኒክ ነበር። እሱና ወንድሜ ሚልኪያስ ትንሿን ሞተር ከመኪናዋ ጀርባ አወጡና በቦታዋ የትልቅ መኪና ሞተር አስገቡ። ጎረቤታችን ጋሽ ሙክታር፣ እሱም መካኒክ ነው፣ ዞሮ አያትና ሳቀ።

"አቦ ስንሻው፣ ዝሆን የዶሮ ቆጥ ውስጥ አስገብተህ በምን ሊተነፍስልህ ነው?"

"ይለምዳል" አለ አባዬ።

ዝሆኑ ሳይለምድ ሚልኪያስ ሄደ። አንድ ማለዳ የግቢውን በር ወለል አድርጎ ትቶ ለስደት የባሕሩን መንገድ ያዘ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማንም። እናቴ ወይንሸት በሩን ዘጋች። የወይራ መቀርቀሪያውን ሰካችና "ከእንግዲህ በዚህ ቤት ክፍቱን የሚተው ነገር ካለ እኔን ቅበሩኝ" አለች። የእናት ቃል ነው፤ ማን ይከራከራታል? መስኮቱ ተዘጋ፤ በሩም ሰው ባለፈ ቁጥር መልሶ ይቀረቀራል። የሞተሩ መክደኛ፣ የመኪናዋ የኋላ ኮፈን እንኳ፣ ውኃ ሊጨመር ተከፍቶ ወዲያው ይዘጋል።

ዓመታት አልፈው የአባዬ ሳንባ ታመመ። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አደረጉና ወደ ቤት መለሱት።

"ምን ላምጣልህ አባዬ?" አልኩት።

"ነፋስ" አለ። "ደንገጎ ተራራ ላይ ወጥቼ አንዴ ቀዝቃዛ ነፋስ ብስብ ይበቃኛል።"

"የጋሽ ሙክታር ሚኒባስ አለ እኮ።"

"በሰው መኪና ሬሳም ይወጣል። እኔ በራሴ ነው የምወጣው። ከልጄ ጋር የሠራናት ለዚያ ነበር።"

ጋሽ ሙክታር መሪ ያዘ፤ አባዬ ከጎኑ፣ እኔ ከኋላ ተቀመጥን። ከከተማው ወጥተን ዳገቱን ገና ስንጀምር፣ የመጀመሪያው መጠምዘዣ ላይ፣ ከጀርባዬ እንፋሎት ተነሳ። ቁልቁል እያንከባለልን መለስናት።

ከሰው ጋር መነጋገር ይከብደኛል። ከዕቃ ጋር ግን እግባባለሁ። ማንም ሳያየኝ መኪናዋ ዘንድ ሄድኩ።

"ሴይቼንቶ፣ አባዬን ደንገጎ አውጪው።"

"አላወጣውም" አለች። "ሞተሩ አልለቅ አለኝ።"

ሞተሩን ለመንኩት። "ሞተር ሆይ፣ መኪናዋን ልቀቃት፤ መኪናዋም አባዬን ደንገጎ ታውጣው።"

"አልለቅም" አለ። "ውኃው ፈልቶ ይዞኛል።"

ውኃውን ለመንኩት። "ውኃ ሆይ፣ ሞተሩን ልቀቀው፤ ሞተሩ መኪናዋን ይልቀቃት፤ መኪናዋም አባዬን ደንገጎ ታውጣው።"

"አልለቅም" አለ። "አየሩ ግሎ ይዞኛል።"

ጋሽ ሙክታር ተስፋ የሚቆርጥ ሰው አይደለም። ሞተሩን የሚያራግብ ትልቅ ቬንትሌተር ገጠመ። የጭሱን ቱቦ ሙቀት በማያሳልፍ ጨርቅ እንደ ቁስለኛ እግር ጠቀለለው። በቱቦውና በራዲያተሩ መካከልም ቆርቆሮ ጋረደ። ከዚያ ያለ አባዬ ብቻውን ሞከራት፤ ሁለተኛው መጠምዘዣ ላይ ፈልታ ተመለሰች። አባዬ የሞተሩን ድምፅ ከግቢው ውጭ ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

አየሩን ለመንኩት። "አየር ሆይ፣ ውኃውን ልቀቀው፤ ውኃው ሞተሩን ይልቀቀው፤ ሞተሩ መኪናዋን ይልቀቃት፤ መኪናዋም አባዬን ደንገጎ ታውጣው።"

"አልለቅም" አለ። "ቱቦውን ጠቀለላችሁ፤ እኔ ግን እዚሁ ነኝ። ቬንትሌተሩን አሳደጋችሁ፤ እሱም እዚሁ ያዞረኛል። መውጫ የለኝም። ኮፈኑ ይዞኛል።"

ኮፈኑን ለመንኩት። "ኮፈን ሆይ፣ አየሩን ልቀቀው፤ አየሩ ውኃውን ይልቀቀው፤ ውኃው ሞተሩን ይልቀቀው፤ ሞተሩ መኪናዋን ይልቀቃት፤ መኪናዋም አባዬን ደንገጎ ታውጣው።"

"አልለቅም" አለ። "የእናትሽ ቃል ይዞኛል።"

ጋሽ ሙክታርም በራሱ መንገድ እዚያው ደርሶ ኖሯል። በማግሥቱ የአባዬ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"ኮፈኑ አንድ ስንዝር ክፍት ሆኖ ቢሄድ ነገሩ አለቀ። ከሥር በእንጨት ይደገፍ፣ ሙቀቱ ይውጣ።"

"አይሆንም። ወይንሸት ቃል አላት" አለ አባዬ።

"እና ንገራታ።"

"አንተ ንገራት።"

"እኔ? አቦ፣ እኔ የማሳድጋቸው ልጆች አሉኝ።"

አባዬ ሊስቅ ሲል ሳል ያዘው። ሳሉ አልለቀው አለ። ሲበርድለት ሁለቱም ወደ እኔ አዩ፤ እኔም መሬት መሬት አየሁ።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ እናቴ እንደ ልማዷ በሩን ልታይ ወጣች። መቀርቀሪያው በቦታው እንዳለ በእጇ ነካ ነካ ታደርገዋለች። ከኋላዋ ቆምኩና ትንፋሽ ሳልወስድ ጀመርኩ።

"እማዬ፣ ቃልሽ ኮፈኑን ይልቀቀው፤ ኮፈኑ አየሩን ይልቀቀው፤ አየሩ ውኃውን ይልቀቀው፤ ውኃው ሞተሩን ይልቀቀው፤ ሞተሩ መኪናዋን ይልቀቃት፤ መኪናዋም አባዬን ደንገጎ ታውጣው።"

"ምን ትቀባጥሪያለሽ አንቺ?" አለች ዞር ብላ። ግን ገብቷታል፤ ድምፅዋ ወረደ። "ቃሌን እኔ አይደለሁም የያዝኩት ልጄ። ይኼ በር ነው የያዘው።"

በሩን ለመንኩት። "በር ሆይ፣ ቃሉን ልቀቀው፤ ቃሉ ኮፈኑን ይልቀቀው፤ ኮፈኑ አየሩን..." አልጨረስኩትም። ከሁሉም እሱ ብቻ መልስ አልሰጠኝም። ዝገቱን አየሁት፤ አየኝ። ያኔ ለዓመታት የያዝኩትን ጥያቄ ለእናቴ ሰጠኋት።

"እማዬ፣ ክፍት የተተወ በር ሰው ያስወጣል ወይስ ያስገባል?"

ወደ በሩ ዞረች።

"እኔ የዘጋሁት ሰው እንዳይወጣብኝ ነበር።"

"ማን?"

"አንቺ። አባትሽ። የቀረኝ ሰው።" መቀርቀሪያውን በጣቷ ዳሰሰችው። "ወንድምሽ ውጭ ሳለ ዘጋሁበት እኮ።"

መስኮቱ ከተዘጋው ክፍል የአባዬ ሳል ተሰማ። እናቴ ጆሮዋን ሰጥታ እስኪያበቃ ጠበቀች። ከዚያ መቀርቀሪያውን በሁለት እጇ ይዛ ጎተተችው። ከማስገቢያው ሙሉ በሙሉ ወጥቶ አያውቅምና አስቸገራት፤ አገዝኳት። በሩ እያቃሰተ ተከፈተ፤ ከመንገዱም ትንሽ ነፋስ ገብቶ የኒሙን ቅጠል ግቢው ውስጥ አንከባለለው። እናቴ እንጨቱን አስታቀፈችኝ።

"ለኮፈኑ ይኼ ይበቃዋል?"

በቃው። ጋሽ ሙክታር ኮፈኑን አንስቶ መቀርቀሪያውን ከሥር አቆመው፣ በሽቦም ጠፍሮ አሰረው። በሩ ቃሉን ለቀቀ። ቃሉ ኮፈኑን ለቀቀ። ኮፈኑ አየሩን ለቀቀ፤ አየሩ ውኃውን ለቀቀ፤ ውኃው ሞተሩን ለቀቀ፤ ሞተሩ መኪናዋን ለቀቀ፤ መኪናዋም በማግሥቱ ጠዋት የመጀመሪያውን መጠምዘዣ፣ ሁለተኛውን መጠምዘዣ፣ ከዚያም የቀሩትን ሁሉ አልፋ አባዬን ደንገጎ አወጣችው።

እናቴም አብራን ነበረች። በሩን ክፍቱን ትታው ስትወጣ ወደ ኋላ አላየችም፤ መንገዱን ሙሉ ግን እጄን ይዛ ነበር። ላይ ስንደርስ አባዬ የመኪናውን በር አስከፈተና እግሮቹን ወደ ውጭ አውጥቶ ተቀመጠ። ነፋሱ ሸሚዙን ሞላው። ቀስ እያለ፣ ትኩስ ነገር እንደሚጠጣ ሰው፣ ሳበው። ጋሽ ሙክታር ከኋላ ዞሮ እጁን ሞተሩ አጠገብ አደረገና ተመለሰ።

"ዝሆኑ ለምዷል" አለው።

"ብዬህ ነበር" አለ አባዬ።

ቁልቁል፣ ድሬዳዋን አልፎ ወደ ባሕሩ የሚሄደውን ሜዳ አየ። "አብሮን ቢሆን ኖሮ እሱ ነበር የሚነዳው" አለ። ማን ብሎ የጠየቀው የለም። እናቴ ነጠላዋን አውልቃ ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት።

አባዬ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። የለቅሶው ድንኳን ግቢያችን ውስጥ ተተከለ፤ በሩም ለለቀስተኛ ክፍት ሆኖ ሰነበተ። ሰው በገባ ቁጥር እናቴ ቀና ብላ ታያለች። ማንን እንደምትፈልግ ስለማውቅ እኔም አብሬያት ቀና እል ነበር።

ድንኳኑ ተነሳ። ያን ዕለት ጀምበር ስታዘቀዝቅ እናቴ ወደ በሩ ሄደች፤ እጇም ከልማዱ የተነሳ መቀርቀሪያውን ፈለገው። አጣው።

"እንጨቱ የታለ?"

"ኮፈኑ ሥር ነው።"

"አምጪው። ልዝጋው፣ መሽቷል።"

መኪናዋ ጋ ሄድኩ። እጄ ሽቦው ላይ ነበር፤ መፍታት እችል ነበር። ብፈታው ኮፈኑ አየሩን ይይዛል፤ አየሩ ውኃውን፣ ውኃው ሞተሩን፣ ሞተሩ መኪናዋን ይይዛል። በሩ ደግሞ ወንድሜ ውጭ እንዳለ ይዘጋበታል። እጄን ከሽቦው አነሳሁ። ባዶ እጄን ተመልሼ "አላመጣውም እማዬ" አልኳት። በሕይወቴ እምቢ ያልኳት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አልተቆጣችም። ሁለት በርጩማ አወጣሁና በክፍቱ በር አጠገብ ተቀመጥን።