ካርዱ በእጁ ሳለ የበራው አረንጓዴ መብራት

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው መፈተሽ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት አዲስ መሣሪያ ሲገዛ ከመረከቡ በፊት እርሱን ይጠራዋል፤ እርሱም ይፈትሽና «ይሠራል» ወይም «አይሠራም» ብሎ ይፈርማል። ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ ኖረ። ፊርማው ተሳስቶ አያውቅም ይባልለት ነበር። ይህ ሲነገር እርሱ ዝም ይላል፤ ዝምታው ግን የመስማማት ዝምታ ነው።

ይህ ሰው ከአዲስ አበባ የግማሽ ቀን መንገድ ወደምትርቅ አንዲት ከተማ፣ ወደ አንድ ሆስፒታል ተላከ። ሆስፒታሉ ለስኳር ሕሙማኑ ቺፕ ያለበት ካርድ ሊሰጥ ተዘጋጅቷል። ዓይነቱን ታውቁታላችሁ፤ የባንክ ካርድ የሚመስል፣ በአንድ ጎኑ ወርቅማ ነጥብ ያለበት ነው። ጥፍር በምታህለው በዚያች ቺፕ ውስጥ የታማሚው ስምና የሚወስደው መድኃኒት ይጻፋሉ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፈጽሞ ሊሰጠው የማይገባው መድኃኒት ይጻፋል። ታማሚው የትኛውም ጤና ጣቢያ ቢሄድ ካርዱ ይናገርለታል። ራሱን ስቶ መንገድ ላይ ቢወድቅ እንኳ ካርዱ ይናገርለታል።

ይህን ሁሉ በቺፑ ላይ የሚጽፍ፣ የጫማ ሳጥን የሚያህል መሣሪያ ተገዝቷል። ሰውየው የመጣው እርሱን ሊፈትሽ ነው። ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ «ይሠራል» ብሎ ከፈረመ፣ የወረቀት ፋይሎቹ በገመድ ታስረው ወደ መጋዘን ይወርዳሉ፤ ከዚያ ወዲያ ሕሙማኑ ከዚህ ካርድ በቀር የሚናገርላቸው የላቸውም።

ሦስት ቀን ፈተሸ። ካርዱን ያስገባል፤ ይጽፋል፤ «የተጻፈውን አንብብ» ብሎ ያዛል። መሣሪያው ስሙን፣ መድኃኒቱን፣ ክልከላውን አንዲት ፊደል ሳያዛንፍ በማሳያው ላይ ያወጣል፤ አረንጓዴ መብራትም ይበራል። ያንን አውጥቶ ሌላ ያስገባል። ሁለት መቶ ካርድ፣ ሁለት መቶ አረንጓዴ መብራት። እናንተ ብትሆኑ አትፈርሙም? እኔ እፈርም ነበር፤ ያውም ፊርማዬን አስጊጬ።

ዓርብ ረፋድ ላይ ብዕሩን ካወጣ በኋላ አንድ ነገር ትዝ አለው። በምድር ቤቱ ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ከዓመታት በፊት ለሙከራ የተተከለች አንዲት አሮጌ የካርድ ማንበቢያ ነበረች። ለወጉ ያህል ብሎ መጨረሻ የጻፈውን ካርድ ይዞ ወደ መስኮቱ ወረደ። ካርዱ የአቶ ጉደታ ዋቆ ነው። አቶ ጉደታ በዚያው በመስኮቱ ፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ተራ የሚጠብቁ ሽማግሌ ናቸው፤ ፔኒሲሊን ቢወጉ ሊሞቱ የሚችሉ ሰው።

ካርዱን አስገባ። ማንበቢያዋ «ባዶ» አለች።

ሰውየው ፈገግ አለ። መሣሪያው ወዳለበት ፎቅ ተመልሶ ካርዱን አስነበበ፤ «ጉደታ ዋቆ፣ ፔኒሲሊን የተከለከለ»፣ አረንጓዴ መብራት። ወደ መስኮቱ ወረደ፤ ባዶ። ካርዱን በመሐረቡ ወልውሎ ወጣ፤ አረንጓዴ። የማንበቢያዋን ገመድ አስለውጦ ወረደ፤ ባዶ። በማስታወሻው ላይ «ይሠራል» ብሎ ጻፈ፤ ሰርዞ «አይሠራም» አለ፤ እርሱንም ሰረዘው። ለሻጩ ስልክ ቢደውል፣ ሻጩ በትሕትና ጥፋቱ የአሮጌዋ ማንበቢያ መሆኑን አስረዳው። ነገሩ እውነት ይመስላል። አዲስና አሮጌ ሲጣሉ እናንተ ማንን ታምናላችሁ?

በአራተኛው ምልልሱ አቶ ጉደታ አስቆሙት።

«ልጄ፣ ካርዴ ምን አለ?»

«ባዶ ነው ይላል፣ አባቴ።»

«እውነቱን ነው። ለደም ምርመራ ብላችሁ ቁርሴን ከልክላችሁኛል።»

አግዳሚው በሙሉ ሳቀ። ሰውየው አልሳቀም። ሰዓቱ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነበር።

አሁን እትዬ ብርቄን ላስተዋውቃችሁ። እትዬ ብርቄ በዚያ መስኮት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠሩ ሴት ናቸው። አንድ ልማድ አላቸው፤ ፋይል አውጥተው ስም እስከ አያት ይጠራሉ፤ ባለቤቱ ራሱ «አቤት» ብሎ እስኪቆም ድረስ ፋይሉን ከእጃቸው አይለቁም። የገዛ ወንድማቸው ፊት ለፊታቸው ቢቀመጥ እንኳ ይጠሩታል፤ አቤት እስኪልም ይጠብቁታል። በዚህ ያልቀለደባቸው ሐኪም የለም።

እትዬ ብርቄ የሰውየውን መመላለስ ሲያዩ ቆይተው መስኮታቸውን ዘግተው ተከተሉት። እርሱም ለማስረዳት ቸኩሎ «አንብብ» የሚለውን ቁልፍ ተጫነ። ማሳያው ላይ የአቶ ጉደታ ስም ወጣ፤ አረንጓዴው መብራትም በራ።

«ይኸው፣ እትዬ ብርቄ፣ ስጠይቀው ይመልሳል።»

«ማነው የሚመልሰው?»

«ካርዱ ነዋ።»

«ካርዱ የት አለ?»

ሰውየው ወደ መሣሪያው አየ፤ ከዚያም ወደ እጁ አየ። ካርዱ በጣቶቹ መካከል ነበር። ከመደናገሩ የተነሣ ማስገባቱን ረስቷል። መብራቱ ግን በርቷል፤ ስሙም እዚያው ተጽፏል።

እትዬ ብርቄ ቀስ ብለው እንዲህ አሉት፤ «እኔ ጠርቼ እኔው አቤት ብል ኖሮ፣ ልጄ፣ በዚያ መስኮት ስንት ሰው በሞተ።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። መሣሪያው መጨረሻ የተነገረውን በገዛ ሆዱ ውስጥ ይይዛል። ካርዱን አንብብ ሲባልም ሆዱን ያነባል። ሰውየው ደግሞ እያንዳንዱን ካርድ እንደ ጻፈ ወዲያው እዚያው ያስነብበው ስለ ነበር፣ የተነገረውና የተመለሰው ሁልጊዜ ይገጥማል። ሁለት መቶዎቹን ካርዶች ወደ አሮጌዋ ማንበቢያ አወረዷቸው፤ አንድ እንኳ የተጻፈበት አልተገኘም።

ሰውየው «አይሠራም» ብሎ ፈረመ። ከሥሩም ማንም ሳያዝዘው አንድ መስመር ጨመረ፤ «እኔም ሦስት ቀን ሙሉ ካርዱን ጠይቄ አላውቅም።» ፋይሎቹ ከመደርደሪያቸው ሳይወርዱ ቀሩ። እትዬ ብርቄም ወደ መስኮታቸው ተመልሰው «ጉደታ ዋቆ ሰንበታ» ብለው ተጣሩ፤ ሽማግሌውም በባዶ ሆዳቸው «አቤት» ብለው ተነሡ።

ወገኖቼ፣ መሣሪያው ዋሸ? እኔ እንጃ። የተነገረውን ነው መልሶ የተናገረው። ሰውየውስ ሰነፍ ነበር? ሁለት መቶ ጊዜ የጠየቀ ሰው ሰነፍ አይባልም። ታዲያ ጥፋቱ የት ላይ ነው? እኔም ብዙ አሰብኩበት፤ አሁንም ጥርት አላለልኝም። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ። መዳኛው የመጣው ከእርግጠኝነቱ ሳይሆን ግራ ከመጋባቱ ነው። ግራ ባይጋባ ኖሮ በአራት ሰዓት ፈርሞ በአምስት ሰዓት መኪናው ውስጥ ነበር።

እኛስ ራሳችንን የምንፈትሸው እንዴት ነው? ማታ ስንጸልይ «ዛሬ ታግሻለሁን?» ብለን እንጠይቃለን፤ የሚመልሰውም ያው የጠየቀው ነው። «ይቅር ብያለሁን?» እንላለን፤ አረንጓዴ። «ትሑት ነኝን?» አረንጓዴ፤ እንዲያውም ከሁሉ ቀድሞ የሚበራው ይህኛው ነው። እኔ በሕይወቴ ብዙ ድንበር ተሻግሬአለሁ፤ ፓስፖርቴን ራሴ ማኅተም እንድመታበት የፈቀደልኝ አገር እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ለነፍሳችን ግን ማኅተሙን ራሳችን ይዘን እንዞራለን።

ታጋሽ መሆናችሁን ማወቅ ትፈልጋላችሁ? ወደ መስኮቱ ውረዱ። በቤታችሁ የምትሠራዋ ልጅ ታንብባችሁ። ከሦስት ዓመት ወዲህ ስልኩን ያላነሣችሁለት ወንድማችሁ ያንብባችሁ። ባላችሁ፣ ሚስታችሁ፣ አማታችሁ ያንብቧችሁ። ምን ይወጣል? ስም ይወጣል? ወይስ ባዶ?

«እማማ፣ አሮጌዋ ማንበቢያስ ልትበላሽ አትችልም? ሰው ሁሉ ስለ እኔ እውነት ይናገራል?» ትሉኝ ይሆናል። ትችላለች። አይናገርም። አማትም አንዳንዴ ትሳሳታለች፤ እኔ ራሴ አማት ነኝና አውቀዋለሁ። ነገሩ ያደናግራል፤ መደናገሩን ላቀልላችሁ አልመጣሁም። የምለምናችሁ ይህን ብቻ ነው፤ የውስጡ መብራትና የውጭዋ መስኮት በተለያዩ ቀን አትፈርሙ። ብዕሩን ወደ ኪሳችሁ መልሱት። እንደዚያ ሰው ላብ በላብ ሆናችሁ በመተላለፊያው ተመላለሱ። እስከ ስድስት ሰዓት ገና ጊዜ አለ።

አንድ ቀን እያንዳንዳችን በስማችን እንጠራለን፤ እስከ አያት። ጠሪው አይቸኩልም፤ ባለቤቱ ራሱ እስኪቆም ድረስ ይጠብቃል። ያን ቀን፣ የተወደዳችሁ፣ ከእናንተ ውስጥ «አቤት» የሚለው ማነው?